አሳዳጊ እናትን ስለ ማሰብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 35 በቍጥር 8 ላይ ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው የምናልፈው አንድ አጭር ነገር ተጽፏል። ያዕቆብ ከላባ ቤት ተመልሶ በቤቴል መሠዊያ በሠራ ጊዜ፥ የእናቱ የርብቃ ሞግዚት ዲቦራ እንደ ሞተች፥ በዛፍ ሥርም እንደ ተቀበረች፥ ያም ዛፍ የልቅሶ ዛፍ ተብሎ እንደ ተጠራ ይነግረናል። ከዚህ በኋላ ስለ ዲቦራ የሚናገር ነገር የለም። ከዚህ በፊት የተነገረላትም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ርብቃ የይስሐቅ ሚስት ልትሆን ከአባቷ ቤት በወጣች ጊዜ ሞግዚቷን አብረው መስደዳቸው ነው (ዘፍ. 24፥59)። በዚያ ስፍራ ስሟ እንኳ አልተጠራም። ስሟ የተጻፈው በሞተች ጊዜ ነው።

ክቡራን አንባብያን ሆይ፥ ነገሩን ቀረብ ብለን እንመልከተው። ዲቦራ በአብርሃም የትውልድ ቍጥር ውስጥ ስፍራ የላትም፤ ርስትም የላትም፤ ከአገሯ የወጣችው ያሳደገቻትን ልጅ ተከትላ ነው። በቤቴል ከያዕቆብ ጋር እንዴት እንደ ተገኘች መጽሐፉ አይገልጽልንም። ያዕቆብ ደግሞ በዚያ ወራት የሚያለቅስበት ሌላ ብዙ ነገር ነበረው፤ በሴኬም የፈሰሰው ደም ገና አልደረቀም፤ ጥቂት ቈይቶም ወዳጁ ራሔል በኤፍራታ መንገድ በምጥ ልትሞትበት ነው። በእነዚህ በሁለቱ ታላላቅ ኀዘኖች መካከል የአንዲት አሮጊት ሞግዚት ቀብር ስፍራ አገኘ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው፤ የሁለት ሕዝብ እናት የሆነችው ርብቃ መቼና እንዴት እንደ ሞተች፥ ማንም እንዴት አድርጎ እንዳለቀሰላት አልተጻፈም። የተቀበረችበትን ዋሻ ብቻ ያዕቆብ ሊሞት ሲል ለልጆቹ ሲያስታውስ እናገኘዋለን (ዘፍ. 49፥31)። ለእመቤቲቱ ያልተጻፈው ልቅሶ ለሞግዚቲቱ ተጻፈላት።

ይህን የመጽሐፍ ስፍራ ደጋግሜ እንዳነብ ያደረገኝ አንድ ምእመን ያቀረበልኝ ጥያቄ ነው። ይህ ሰው ወላጆቹን ሳያውቅ በሕፃናት ማሳደጊያ ያደገ፥ ዛሬ ግን ትዳር መሥርቶ ልጆች ያፈራ ሰው ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንደ ልጇ አዝላ፥ አጥባ፥ ፊደል አስቈጥራ ያሳደገችው አንዲት ሴት ነበረች፤ እርስዋም በሞት ተለየች። አርባዋ ሲቀርብ ተዝካሯን ለማውጣት አሰበ። ከጎረቤቱ ሰዎች አንዱ ግን፥ «ለወለደችህ እናት አንድ ቀን ሳታዘክር ለሞግዚት ተዝካር ታወጣለህን?» ብሎ ተናገረው። ሰውየውም ወደ እኔ መጥቶ፥ «አባቴ፥ የወለደችኝን ስሟንም፥ መቃብሯንም አላውቅም። ያሳደገችኝን እናቴ ብዬ ስሟን ባስጠራ፥ የወለደችኝን መካድ ይሆንብኛልን?» ብሎ ጠየቀኝ።

እኔም በዚያን ቀን ቸኵዬ ነበርና፥ «የምታውቀውን ስም አስጠራ፤ የማታውቀውን እግዚአብሔር ያውቀዋል» ብዬ አሰናበትሁት። የመለስሁለት ቃል ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን ጥያቄው የሚገባውን ያህል አልነበረም። ሰውየው የጠየቀኝ የስም ነገር ብቻ አልነበረምና። ለአንድ ሰው ሁለት እናት መኖሩ አንዲቱን ከእናትነት የሚያወጣ እንደ ሆነ ነበር የጠየቀኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በልቡ ይዞ የሚኖር ሰው በየደብሩ እንደማይጠፋ ስለማምን፥ በዚያን ቀን ያጐደልሁትን ዛሬ በዚህ ጽሑፍ ልሞላው እሞክራለሁ።

መጽሐፍ ቅዱስ ሁለት እናት ያላቸውን ሰዎች ያውቃል። ከሁሉ የታወቀው ሊቀ ነቢያት ሙሴ ነው። ዮካብድ ወለደችው፤ መጽሐፈ ኩፋሌ ተርሙት ብሎ የሚጠራት የፈርዖን ልጅ ከውኃ አውጥታ አሳደገችው። (ዮካብድ የገዛ ልጇን ለማጥባት ደመወዝ የተቀበለች እናት ናት፤ የእግዚአብሔር ጥበብ አንዳንድ ጊዜ ፈገግ የሚያሰኝ ነገር አለበት።) አሁን የሕፃኑን ስም እናስብ። ሙሴ ብላ ስም ያወጣችለት የወለደችው አይደለችም፤ ከውኃ ያወጣችው ናት (ዘፀ. 2፥10)። እግዚአብሔር አብራምን አብርሃም፥ ያዕቆብን እስራኤል ብሎ ስማቸውን ለውጧል። ሙሴን ግን በሚነደው ቍጥቋጦ ውስጥ ሁለት ጊዜ የጠራው በዚያው አሳዳጊዋ ባወጣችለት ስም ነው። አንዲት አረማዊት ሴት በአባይ ወንዝ ዳር ለተጣለ ሕፃን ያወጣችው ስም በእግዚአብሔር አፍ ተጠራ፤ አልተለወጠም።

እዚህ ላይ፥ ሙሴ ካደገ በኋላ የፈርዖን የልጅ ልጅ መባልን እምቢ እንዳለ ሐዋርያው በዕብራውያን መልእክት (11፥24) ጽፎ የለምን የሚል ይኖራል። ጽፏል። ነገር ግን ሙሴ እምቢ ያለው የወገኖቹን ጀርባ የሚገርፈውን ቤት ክብር ነው፤ ከውኃ ያወጣችውን እጅ ተራገመ የሚል ቃል በየትም አይገኝም። ስሙንም እስከ ናባው ተራራ ድረስ ይዞት ሄደ።

ይሁን እንጂ ለዚያ ምእመን የሚሆነውን ፍጹም መልስ የምናገኘው በቀራንዮ ነው። ጌታችን በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን እመቤታችንን ለሚወደው ደቀ መዝሙር እናት አድርጎ እንደ ሰጠው፥ ደቀ መዝሙሩም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወደ ቤቱ እንደ ወሰዳት በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ተጽፏል። ይህን ሁላችን እናውቀዋለን፤ በዮሐንስ አንጻር ለእኛም እናት ሆና እንደ ተሰጠችን ሊቃውንት ያስተምሩናል። ነገር ግን ዮሐንስ በዚያን ሰዓት እናት የሌለው ሰው ነበረን? አልነበረም። ወንጌላዊው ማቴዎስ በዚያች ቀን በሩቅ ሆነው ይመለከቱ ከነበሩት ሴቶች መካከል የዘብዴዎስ የልጆቹ እናት እንደ ነበረች ጽፏል (27፥56)። የወለደችው እናት በሕይወት ሳለች፥ በዚያው በቀራንዮ ቆማ እያየች፥ ልጇ ሌላ እናት ተቀበለ! ይህችው ሴት ናት ቀድሞ ልጆቿ በመንግሥቱ በቀኝና በግራ እንዲቀመጡላት የለመነችው፤ ያን ዕለት ግን የተሰጣት ነገር ልመናዋ ካሰበው ሁሉ የሚበልጥ ሆነ። ዮሐንስ እመቤታችንን ወደ ቤቱ ሲወስዳት የዘብዴዎስን ሚስት አልካደም። እናትነት እንደ ርስት ለአንዱ ሲሰጥ ከሌላው የሚጐድል ነገር አይደለም።

ቤተ ክርስቲያናችንም ይህን በሥርዓቷ ስትናገር ኖራለች። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፥ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ፥ ከጥምቀቱ ውኃ የምትቀበላት የክርስትና እናት በአጠገቧ ትቆማለች፤ የወለደቻትም እዚያው አለች። አንዲቱ በሥጋ ወልዳ ታመጣታለች፤ አንዲቱ በመንፈስ ተቀብላ ትታቀፋታለች። በአገራችንም ሕግ ሳይጻፍ ጡት የተጣቡ ሰዎች እንደ ወንድማማች ሲተያዩ ኖረዋል፤ በኦሮሞ ወገኖቻችን ዘንድ የጸናውና ዛሬ ሁላችን በስሙ የምንጠራው የጉዲፈቻ ሥርዓትም ያደገውን ልጅ ከተወለደው ሳይለይ ስም ሲሰጠው ኖሯል።

አሁን ደግሞ በእኛው ዘመን ወደ ነበሩት ወደ አንዲት አሳዳጊ እናት ልሻገር። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ያረፉት ወይዘሮ አበበች ጎበና ናቸው። ስማቸውን የማያውቅ ጥቂት ነው፤ ታሪካቸው ግን እንደ ተረት እየተደጋገመ ስለሚነገር፥ በውስጡ ያለው ነገር ከጆሯችን እንዳያልፈን እሰጋለሁና በዝግታ ልናገረው።

የተወለዱት በ1928 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ሸበል አቦ በምትባል መንደር ነው። ዘመኑ ፋሽስት ኢጣልያ አገራችንን የወረረበት ነበረ፤ አባታቸው በዚያው ጦርነት ስለ ሞቱ አባታቸውን ሳያውቁ አያቶቻቸው አሳደጓቸው። እንግዲህ ከሁሉ አስቀድመው እሳቸው ራሳቸው የአሳዳጊ ልጅ ነበሩ። ገና በልጅነታቸው ያለ ፈቃዳቸው ተዳሩ፤ ከዚያም ሸሽተው ወደ አዲስ አበባ ገቡ። በዚያም ጥቂት ትምህርት ተምረው፥ በአንድ የቡናና የእህል ድርጅት የጥራት ተቈጣጣሪ ሆነው ሠሩ፤ ባል አግብተውም ቤት መሠረቱ። ይህ ሁሉ የብዙ ሰው ኑሮ ነው። ለመዝገብ የሚበቃው ነገር የተጀመረው ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም በሄዱ ጊዜ ነው።

ግሸን በአምባሰል ያለች የመስቀል ቅርጽ ያላት አምባ ናት፤ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ግማደ መስቀሉ እንደ ገባባት አበው ያስተማሩን ደብር። የዚያን ጊዜው የወሎ መንገድ ግን የተሳላሚ መንገድ ብቻ አልነበረም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረኀብ ወሎን የመታበት ወራት ነበርና የመንገዱ ዳርና ዳር በሚሞቱ ሰዎች ተሞልቶ ነበረ። የዘመኑ መንግሥት ነገሩ እንዲሰማ አልወደደም፤ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ያነሣው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እስኪታይ ድረስም የመከራው መጠን በዓለም ፊት አልተገለጠም ነበር።

ወይዘሮ አበበች በዚያ መንገድ የሞተች ሴት ወድቃ፥ በደረቷ ላይ ሕፃን ልጇ ሳትሞት ተጣብቃ አገኙ። በአጠገባቸውም ሬሳ የሚያነሣ ሰው ነበረ። ምን እንደሚጠብቅ ቢጠይቁት፥ ሕፃኗም እስክትሞትና ሁለቱን አንድ ላይ እስኪያነሣ እንደሚጠብቅ ነገራቸው። አባቶቼና ወንድሞቼ፥ ይህ ሰው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥራውን ይሠራ ነበር። መከራ ሲበዛ የሰው ልብ እንዲህ ባለ ሒሳብ ውስጥ ይገባል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ለመመላለስ ሲል የሕፃንን ሞት ተቀምጦ ይጠብቃል። ወይዘሮ አበበች ግን ሕፃኗን አነሧትና በልብስ ጠቀለሏት። የያዙትን ዳቦና ጠበል ለተራቡት አከፋፈሉ። በሌላ ስፍራ ደግሞ ሊሞት የተቃረበ አባት በመንገድ ዳር ሆኖ፥ እርሱም ልጁም እየሞቱ መሆናቸውን ነግሮ፥ ልጁን እንዲያድኑለት ለመናቸው።

በዚህ ስፍራ ጥቂት እንቆይ። በዚያ መንገድ ያለፉት ወይዘሮ አበበች ብቻ አልነበሩም። ብዙ ተሳላሚ አልፏል፤ ከእኛ ከካህናቱም ወገን ያለፉ ሳይኖሩ አይቀሩም። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርዱ የቈሰለውን ሰው አይተው ያለፉት ካህኑና ሌዋዊው በታሪክ የምናነባቸው ሰዎች ናቸው ብለን እንዳንዘናጋ፤ ወደ ቅዱስ ስፍራ የሚሄድ ሰው ሐሳቡ ሁሉ ከፊቱ ባለው አምባ ላይ ስለሚሆን ከእግሩ አጠገብ ያለውን ላያይ ይችላል። ከተሳላሚዎች ጠበልና እምነት ይዞ ያልተመለሰ አልነበረም፤ እሳቸው የተመለሱት ሕፃናት ይዘው ነው።

መመለሱም ቀላል አልነበረም። ረኀቡ እንዲሸሸግ በሚፈለግበት ዘመን ከወሎ ሕፃን ይዞ መውጣት የሚያስጠይቅ ነበርና፥ ሲጠየቁ «ልጆቼ ናቸው» ማለት ነበረባቸው። የሥነ ምግባር ነገር የሚከብደው አንባቢ፥ ይህ ሐሰት አይደለምን ሊል ይችላል። በግብፅ የነበሩ አዋላጆች ሲፓራና ፉሐም ወንዶቹን ሕፃናት ለማዳን ለፈርዖን የመለሱትን መልስ እናውቃለን፤ እግዚአብሔርም መልካም እንዳደረገላቸውና ቤት እንደ ሠራላቸው ተጽፏል (ዘፀ. 1፥20-21)። እኔ ግን ከዚህም የሚበልጥ ነገር በዚያ ቃል ውስጥ አያለሁ። ለጠባቂው «ልጆቼ ናቸው» ባሉበት ሰዓት ቃሉ ገና ያልሆነ ነገር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ባለው ዕድሜያቸው ሁሉ ግን ያን ቃል እውነት ለማድረግ ኖሩ። በመስቀል ሥር እናትነት በቃል እንደ ተሰጠ፥ በወሎ መንገድም እናትነት በቃል ተጀመረ። ከአብራካቸው የወጣ ልጅ እንዳልነበራቸው ራሳቸው ይናገሩ ነበር።

በአንድ ዓመት ውስጥ በቤታቸው የተሰበሰቡት ሕፃናት 21 ደረሱ። በዚህ ጊዜ ባለቤታቸው ከእርሱና ከልጆቹ አንዱን እንዲመርጡ ነገራቸው፤ እሳቸውም ልጆቹን ይዘው ወጡ። ዘመዶቻቸውም አእምሮዋን ስታለች እስከ ማለት ደረሱ።

ከአገልጋዮች መካከል በዚህ ስፍራ የሚሰናከሉ አሉ። እግዚአብሔር ያጣመረውን ሰው አይለየው የሚለውን ትምህርት የምናስተምር ሰዎች ነንና መሰናከላቸው ከንቱ አይደለም፤ የጋብቻን ክብር የሚያቃልል ስብከት ከእኛ አይጠበቅም። ነገር ግን ነገሩን በፍርድ ሚዛን ስናስቀምጠው ሁለት ነገር እንድናይ እለምናለሁ። የመጀመሪያው፥ ባልየውን ለመውቀስ አንቸኩል። ከአንዲት ደመወዝተኛ ቤት 21 የታመሙና የከሱ ሕፃናት ሲገቡ፥ «ነገ ምን እንበላለን?» ያለ ሰው ጨካኝ ነው አልልም፤ ያ ጥያቄ በየቤታችን የሚጠየቅ ነው፤ እኔ በእርሱ ስፍራ ብሆን ምን እንደምል አላውቅም። ሁለተኛው፥ ምርጫውን ያቀረቡት እሳቸው አይደሉም። «ልጆቼ ናቸው» ያሉትን ቃል ለመለወጥ ወይም ከቤታቸው ለመውጣት ተገደዱ። እነዚያ ልጆች አንድ ጊዜ እናት ሞታባቸዋለች፤ ሁለተኛ እናታቸው በሕይወት ሳለች ትታቸው እንድትሄድ የምታዝዝ ቀኖና የለችንም። ከዚህ አልፌ ፍርድ አልሰጥም።

ከዚያም ከሰው መኖሪያ ራቅ ባለ ዛፍ በበዛበት ስፍራ በአንዲት ደሳሳ ጎጆ ከልጆቹ ጋር ኖሩ። ያላቸውን ሸጡ፤ በእጃቸው ሥራ አደሩ። ያ በጎጆ የተጀመረ ቤት በ1972 ዓ.ም. ማኅበር ሆነ፤ በስማቸው የሚጠራው የሕፃናት እንክብካቤና ልማት ማኅበር እንደሚናገረው ከ12 ሺህ የሚበልጡ ልጆች በዚያ ቤት ጥላ ሥር ተረድተዋል። ቍጥሩ ታላቅ ነው። እኔ ግን ቍጥሩን ትቼ አሁንም ወደዚያች የመንገድ ዳር ልመለስ፤ የዚያ ምእመን ጥያቄ ያለው በዚያ ነውና።

ስለ ወይዘሮ አበበች ስናወራ ሁላችን ዐይናችን ሕፃኗን ባነሧት ሴት ላይ ነው። የሞተችዋንስ ማን ያስባታል? ስሟን የሚያውቅ የለም። ከየትኛው ቀበሌ ተነሥታ፥ ስንት ቀን ተጕዛ፥ ለመድረስ ያሰበችው ወዴት እንደ ነበረ አይታወቅም። አንድ ነገር ብቻ እናውቃለን፤ ልጇ በሕይወት ተገኘች። የሚቀመስ ነገር በጠፋበት አገር ሕፃን ከእናቷ ይልቅ ቈይታ በሕይወት የምትገኘው፥ እናቲቱ ከሰውነቷ የቀረውን የመጨረሻ ነገር ለልጇ ስለ ሰጠች ነው። ወይዘሮ አበበች ያነሡት የጀመሩትን ሥራ አይደለም፤ ሌላዪቱ እስከ ሞት የሠራችውን ሥራ ተቀብለው ቀጠሉ። ያቺ ሴት አንዲት ሰዓት ቀድማ ልጇን ጥላ ቢሆን ኖሮ፥ የሚነሣ ሕፃን ባልተገኘም ነበር።

በመንገድ ዳር ሆኖ ልጁን የለመነው አባትም እንደዚሁ ነው። ንጉሡ ሰሎሞን በሁለቱ ሴቶች መካከል በፈረደ ጊዜ እውነተኛዋ እናት የታወቀችው ልጁን የእኔ ነው ብላ በመያዟ አልነበረም፤ በሕይወት ይኑር እንጂ ለሌላዪቱ ይሰጥ በማለቷ ነው (1ኛ ነገ. 3፥26)። ወላጅነቷ በለቀቀችበት ሰዓት ተገለጠ። እንግዲህ ልጁን ለማያውቃት መንገደኛ አሳልፎ የሰጠው ያ አባት በሰሎሞን ዙፋን ፊት ቢቆም፥ ፍርዱ ለማን እንደሚሆን እናውቃለን። ልጁን ያሳደገች ሴት ከእርሱ የነጠቀችው ነገር የለም፤ የእርሱን የመጨረሻ ልመና ፈጸመችለት እንጂ።

ስለዚህ፥ ጥያቄ ያቀረብህልኝ ወንድሜ ሆይ፥ ያሳደገችህን እናቴ ብለህ ስትጠራት የወለደችህን አትክድም። የወለደችህ በምን ሁኔታ እንደ ተለየችህ አላውቅም፤ አንተም አታውቅም። ነገር ግን በሕይወት መገኘትህ የአንዲት ሴት ዘጠኝ ወር፥ ምጥና ጡት ምስክር ነው። ያሳደገችህም ሴት ስታዝልህ ያን የሌላዪቱን ድካም አብራ አዝላው ነበር። አንዲቱን ብታከብር ሌላዪቱ የምትቈጣ አይምሰልህ።

የተዝካሩን ነገር በሚመለከት ለካህናት ወንድሞቼ ጥቂት ልጨምር። በሣልስት፥ በሰባት፥ በአርባ፥ በሰማንያ፥ በመንፈቅና በሙት ዓመት ጸሎት ማድረስ፥ ለድኾችም ማብላት የአበው ሥርዓት ነው፤ የሚነቀፍ አይደለም። የሚነቀፈው፥ ድኻው በደጅ ቆሞ ጠግቦ ያደረ ሰው በድንኳን ሲጠግብ ነው። አሳዳጊ እናት የሞተችበት ሰው ወደ እናንተ ሲመጣ ዝምድናውን አትመርምሩበት። በከተሞቻችን ብዙ ሴቶች የሰው ልጅ በማሳደግ ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ፤ አንዲት አክስት፥ አንዲት ታላቅ እኅት፥ አንዲት የእንጀራ እናት፥ አንዲት በደመወዝ የተቀጠረች ሞግዚት። በሚሞቱበት ጊዜ በልቅሶው ቤት የሚቀመጡት የሥጋ ዘመዶች ናቸው፤ ያሳደጓቸው ልጆች ከእንግዶች ጋር በዳር ይቀመጣሉ፤ በሰዓቱም ሐዘንተኛ ተብሎ የሚያጽናናቸው አይገኝም። ያዕቆብ ግን ለሞግዚቲቱ የልቅሶ ዛፍ ሲሰይም የሥጋ ዝምድና አልጠየቀም። በልቅሶው ሰዓት ቃለ እግዚአብሔር የምታሰሙ ወንድሞቼ፥ እነዚያን በዳር የተቀመጡትን ከፊት አምጥታችሁ አስቀምጧቸው።

የወላጁን ስመ ክርስትና የማያውቅ ሰው ቢመጣባችሁም፥ እኔ እንዳደረግሁት በአንድ ቃል አታሰናብቱት። ቁጭ አድርጋችሁ ስሙት። ሰው የእናቱን ስም አለማወቁን ለሌላ ሰው ሲናገር የሚሰማውን ነገር፥ ስሟን እያወቅን ያደግን እኛ በቀላሉ አንረዳውም።

ያ ምእመን በሙት ዓመቷ ዋዜማ ተመልሶ መጣ። ስም የሚጻፍበትን ትንሽ ወረቀት ሰጠኝ፤ በውስጡ ሁለት መስመር ነበረ። በመጀመሪያው መስመር ያሳደገችው ሴት ስመ ክርስትና ተጽፏል። በሁለተኛው መስመር «እናቴ» የሚል ብቻ ነበረበት፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ስፍራ ባዶውን ትቶታል። በማግሥቱ በጸሎቱ ሰዓት ሁለቱንም መስመር አነበብሁ።